ስለ ንግድ ቤት ኪራይ፤ የውሉ ዘመንና የኪራይ ጭማሪ

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ዋጋውን ከሦስትና ከአራት ቦታ ይጠይቃል፤ ሚዛኑን ይመለከታል፤ ናሙናውን ያገላብጣል፤ ዕቃውን ከውጭ አገር የሚያስመጣው እንደ ሆነም የባንኩን ሰነድ መስመር በመስመር ያነባል። ከዋና ዋና ወጪዎቹ አንዱ የሆነውን የሱቁን ኪራይ የሚወስነውን ውል ግን ብዙ ጊዜ ደላላው ባመጣለት ባንድ ገጽ ወረቀት ላይ እንደ ቆመ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ አከራዩ መጥቶ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ኪራዩ እጥፍ ይሆናል፤ የማትስማማ ከሆነ ቤቱን ልቀቅ» ባለው ጊዜ ስለ መብቱ መጠየቅ ይጀምራል። በዚያ ሰዓት የሚገኘው መልስ አስቀድሞ በተፈረመው ወረቀት ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ጥያቄው ከውዝግቡ በፊት እንዲቀርብ ለማሳሰብ ነው። ይህን የሚጽፈው ሰው በአንድ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የኪራይ ውሎችን በማርቀቅ፣ በማጻፍና በመዝገብ በማኖር ሥራ ላይ የሚገኝ እንደ መሆኑ መጠን፣ የሚያቀርበው ሐሳብ ለዕለት ሥራ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ ክርክር የተነሣበት ሰው ግን ውሉን ይዞ ወደ ሕግ ዐዋቂ መሄድ ይገባዋል። የትምህርቱም ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ የንግድ ቤት ተከራይ ዋነኛ ጠባቂው ውሉ ሲሆን፣ በውሉም ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ከኪራዩ ልክ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚበልጠው የውሉ ዘመን ነው።

የመኖሪያ ቤትና የንግድ ቤት ልዩነት

ዛሬ በገበያ ውስጥ «መንግሥት የኪራይ ጭማሪን ከልክሏል» ሲባል ይሰማል። አባባሉ ፈጽሞ መሠረት የሌለው ባይሆንም ለሱቅ አይሠራም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1320/2016 በ2016 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ለመኖሪያ ቤት ተከራዮች ሰፊ ጥበቃ ሰጥቷል። በዚህ ዐዋጅ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በተቈጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል፤ ዘመኑም በመሠረቱ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ በቅድሚያ የሚጠየቀው ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም፤ ጭማሪም ቢሆን ተቈጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው።

ዳሩ ግን የዐዋጁ ስም ራሱ እንደሚያመለክተው ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ መኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ፣ መጋዘንና የንግድ ጽሕፈት ቤት የሚተዳደሩት በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በንግድ ሕጉና ከሁሉ በፊት ሁለቱ ወገኖች በተዋዋሉት ቃል ነው። ስለዚህ በመኖሪያ ቤቱ በኩል ሕግ የጠበቀው ነጋዴ በሱቁም በኩል እንዲሁ የተጠበቀ መስሎት እንዳይዘናጋ ያስፈልጋል። ሱቁና መኖሪያው በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ከአንድ አከራይ የተከራየ ሰውም የሁለቱን ኪራይ በአንድ ድምር ከማጻፍ ይልቅ ለየብቻው በተለየ ውል ቢያጻፍ ኋላ ከሚነሣ ክርክር ይድናል።

በውሉ ዘመን ውስጥ ስለሚጠየቅ ጭማሪ

ለንግድ ቤት ይህን ያህል ብር ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባይገኝም፣ ተከራዩ ጠባቂ የለውም ማለት አይደለም። ሕጉ በቁጥር 2950 የቤት ኪራይ ልክ በተዋዋዮቹ ስምምነት እንደሚወሰን ይናገራል፤ ልኩ ያልታወቀ ወይም አጠራጣሪ የሆነ እንደ ሆነም ማዘጋጃ ቤቱ ያወጣው ታሪፍ፣ እርሱ ከሌለም የአገሩ ልማድ ይታያል። በቁጥር 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና መሆኑ ተነግሯል።

ከነዚህ ድንጋጌዎች የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። አንድ ነጋዴ ሱቁን በወር 40,000 ብር ለሦስት ዓመት ቢከራይና ውሉ ስለ ጭማሪ ምንም ሳይናገር ቢቀር፣ አከራዩ በዐሥራ አራተኛው ወር መጥቶ በራሱ ፈቃድ ብቻ 60,000 ሊያደርገው አይችልም። ጎረቤቱ ስለ ጨመረ፣ የሲሚንቶ ዋጋ ስለ ተወደደ፣ ወይም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት ዐቅም ስለ ቀነሰ የሚሉ ምክንያቶች ቢቀርቡም ውሉን አይለውጡትም። ሕጉ በቁጥር 1763 ዳኞች በሕግ ተለይቶ ከተፈቀደላቸው ጉዳይ በቀር ርትዕን ምክንያት አድርገው የውልን ቃል መለወጥ እንደማይችሉ፣ በቁጥር 1764ም ውሉን መፈጸም አስቀድሞ ከታሰበው ይልቅ ከባድ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ውሉ እንደ ጸና እንደሚቈይ ደንግጓልና።

ነገር ግን ይህ ሰይፍ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ገበያው ቀዝቅዞ፣ መንገዱ ለሥራ ተቈፍሮ፣ ወይም ዕቃው ከወደብ ዘግይቶ ሽያጩ በግማሽ የወረደበት ተከራይ በበኩሉ ኪራዩ በፍርድ እንዲቀነስለት መጠየቅ አይሆንለትም። የሦስት ዓመት ውል የፈረመ ሰው ለሦስት ዓመት ተጠብቋል፤ ለሦስት ዓመትም ታስሯል።

በዚህ ረገድ ሁለት ወጥመዶችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው አከራዩ ጭማሪውን ከጠየቀ በኋላ የቀድሞውን ኪራይ አልቀበልም ሲል የሚመጣ ነው። ተከራዩ «እርሱ አልቀበልም ካለ እኔ ምን ላድርግ» ብሎ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ቢቀመጥ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ተብሎ ይከሰሳል። ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ጭማሪው መሆኑ ቀርቶ ስለ ውዝፍ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ተከራዩ ኪራዩን በተለመደው ቀን በአከራዩ የባንክ ሒሳብ ያስገባ፤ ሒሳቡ የተዘጋበት ወይም የማያውቀው ከሆነ ኪራዩን ለመክፈል ዝግጁ መሆኑን በጽሑፍ ያስታውቀው፤ ይህም ካልረዳ ሕጉ ገንዘብ ጠያቂው ያለ በቂ ምክንያት አልቀበልም ባለ ጊዜ ባለዕዳው ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል እንዲያስቀምጥ መንገድ ስለሚሰጠው በዚያ ይጠቀም።

ሁለተኛው ወጥመድ ዝምታ ነው። ተከራዩ ጭማሪውን እየተቃወመ ለጊዜው ሰላም ሲል አዲሱን ዋጋ ለብዙ ወራት ቢከፍልና ተቃውሞውን በጽሑፍ ባይገልጽ፣ ደረሰኞቹ ራሳቸው በአዲሱ ዋጋ ተስማምቷል ለማለት ማስረጃ ሆነው ይቀርቡበታል። የሚቃወም ሰው በወቅቱና በጽሑፍ ይቃወም።

የውሉ ዘመን ሲያልቅ

ከላይ የተነገረው ጥበቃ የሚሠራው ውሉ እስከሚያልቅበት ቀን ብቻ ነው። የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ነጋዴ ጥበቃው የአንድ ዓመት ነው፤ ስለ መታደሱ በውሉ ምንም ካልተጻፈም በዓመቱ መጨረሻ አከራዩ አዲስ ዋጋ ለመጠየቅ በሩ ይከፈትለታል።

ብዙ ነጋዴዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። የተጻፈው ውል ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ተከራዩ ግን በሱቁ እንዳለ ነው፤ አከራዩም ኪራዩን በየወሩ ይቀበላል። ተከራዩ ይህን ያህል ዘመን በቤቱ መኖሩ መብቱን ያጸናለት ይመስለዋል። በሕጉ መሠረት ግን አከራዩ እያወቀና ሳይቃወም ተከራዩ ዘመኑ ካለፈ በኋላ በቤቱ ቢቀጥል፣ ውሉ ዘመኑ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ታደሰ ይቈጠራል። ዘመኑ ያልተወሰነ ውል ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ወገን በሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥ ነው። እንግዲህ ዐሥራ አምስት ዓመት በአንድ ሱቅ የቈየው ነጋዴ ባለፈው ወር ከገባው ጎረቤቱ ይልቅ ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ጎረቤቱ የሦስት ዓመት ወረቀት በእጁ ይዟልና።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ በቃል የተደረገ መተማመን ሁለቱ ሰዎች በሕይወትና በፍቅር እስካሉ ድረስ ሊያገለግል ይችላል። አከራዩ ቢሞትና ቤቱ ለብዙ ወራሾች ቢከፋፈል ግን «አባታችሁ እንዲህ ብሎኝ ነበር» የሚለውን ቃል የሚሰማ አይገኝም። ሕጉ በቁጥር 1723 በጽሑፍ ሆነው በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገቡ ካዘዛቸው የማይንቀሳቀስ ንብረት ውሎች መካከል የባለቤትነት፣ የአላባ፣ የአገልግሎትና የመያዣ መብት የሚያቋቁሙት ይገኛሉ፤ ተራ የኪራይ ውል ከነዚህ ጋር አልተጠቀሰም። ይሁን እንጂ ሕጉ ባያስገድድ እንኳ ጥቅሙ ያስገድዳልና ነጋዴ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ቢያጸድቀው ትርፉ የራሱ ነው።

ዘመን ማለት ገንዘብ መሆኑ

የውሉ ዘመን ከኪራዩ ልክ ሊበልጥ ይችላል ማለታችን በሒሳብ ይታያል። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ለመክፈት ሁለት ምርጫ ቀረበለት እንበል። የመጀመሪያው ቤት በወር 40,000 ብር ለአንድ ዓመት የሚከራይ ነው፤ ሁለተኛው በወር 45,000 ብር ለአምስት ዓመት ነው። ነጋዴው ከሁለቱ በየትኛውም ቤት ቢገባ መደርደሪያ ለማሠራት፣ ወለሉን ለማንጠፍ፣ መብራትና የማስታወቂያ ሰሌዳ ለመትከል 300,000 ብር ያወጣል።

በመጀመሪያው ቤት ይህ ወጪ ለዐሥራ ሁለት ወር ቢከፋፈል በየወሩ 25,000 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ ነጋዴው በእርግጥ የሚያውቀው የቤቱ ዋጋ በወር 65,000 ብር ነው። በሁለተኛው ቤት ግን ያው ወጪ ለስድሳ ወር ሲከፋፈል በየወሩ 5,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ ከኪራዩ ጋር 50,000 ብር ይመጣል። በወር 5,000 ብር ርካሽ የመሰለው ቤት በወር 15,000 ብር ተወድዶ ተገኘ። በዓመቱ መጨረሻ አከራዩ ጭማሪ ሲጠይቅም ይህ ነጋዴ የሚደራደረው እጁ ታስሮ ነው፤ መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ ደንበኛው መንገዱን ለምዷል፤ አከራዩም ይህን ያውቃል።

የደንበኛው ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴው የሚሠራበትን ቤት ተከራይቶ የመያዝ መብት ከንግድ መደብሩ ክፍሎች እንደ አንዱ አድርጎ ቈጥሮት ነበር፤ ያ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በንግድ ሕግ ዐዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከተተካ በኋላም ይኸው ሐሳብ አልቀረም። ይህም ማለት ነጋዴው ንግዱን ለሌላ ሰው ለመሸጥ በፈለገ ጊዜ የሚሸጠው በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን መልካም ስሙን፣ የለመደ ደንበኛውንና በቤቱ የመቈየት መብቱን ጭምር ነው። በኪራይ ውሉ ላይ ሁለት ወር የቀረው ንግድና አራት ዓመት የቀረው ንግድ በገዢ ዓይን እኩል አይደሉም። ስለዚህ ንግዱ በሚሸጥበት ጊዜ የኪራይ መብቱም አብሮ ለገዢው ሊተላለፍ እንደሚችል በውሉ ማጻፍ ብልህነት ነው።

የጭማሪው አንቀጽ እንዴት ይጻፍ?

ማንኛውም አከራይ የአምስት ዓመት ውል ያለ ምንም ጭማሪ እንዲፈርም መጠበቅ ትክክል አይሆንም። እርሱም ግብር ይከፍላል፤ ቤቱን ያድሳል፤ የሚቀበለው ብርም ከዓመት ወደ ዓመት የሚገዛለት ነገር ይቀንስበታል። ጭማሪን ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ ልኩንና ጊዜውን አስቀድሞ መወሰን ለሁለቱም ይሻላል። ክፉ የሆነው አንቀጽ «ኪራዩ እንደ ገበያው ሁኔታ ይስተካከላል» የሚለው ነው። ገበያው ማን ነው? ሁኔታውንስ የሚናገር ማን ነው? ይህን የመሰለ ቃል ያለበት ውል የዘመኑን ጥቅም በአንድ መስመር ያጠፋል።

በመቶ ተጽፎ የሚወሰነውም ቢሆን ስሌቱ ግልጽ መሆን ይገባዋል። «በየዓመቱ በመቶ 10 ይጨመራል» ሲባል በመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ላይ ነው ወይስ ባለፈው ዓመት ኪራይ ላይ? ኪራዩ ከ40,000 ብር ቢነሣ፣ በመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ላይ ሲሰላ በአምስተኛው ዓመት 56,000 ብር ይደርሳል፤ ባለፈው ዓመት ኪራይ ላይ ሲሰላ ግን 58,564 ብር ይሆናል። በአምስቱ ዓመታት የሚከፈለው ድምር በመጀመሪያው ስሌት 2,880,000 ብር ሲሆን በሁለተኛው 2,930,448 ብር ነው። ልዩነቱ 50,448 ብር ነው፤ ይህም የተወለደው ከአንድ ያልተጻፈ ሐረግ ነው።

ስለዚህ አንቀጹ በዚህ ዓይነት ቢጻፍ መልካም ነው፤ «ኪራዩ በውሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አይለወጥም። ከሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በየዓመቱ፣ በመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ላይ ተሰልቶ፣ በመቶ 10 ይጨመራል። ከዚህ ሌላ በማናቸውም ምክንያት ጭማሪ አይጠየቅም።» የብሩ ልክም ለእያንዳንዱ ዓመት በአኀዝና በፊደል ቢዘረዘር ክርክር የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም።

ከዚሁ ጋር የተጨማሪ እሴት ታክስ ነገር አይረሳ። አከራዩ ለዚህ ታክስ የተመዘገበ እንደ ሆነ በንግድ ቤት ኪራይ ላይ በመቶ 15 ይታሰባል። ውሉ 40,000 ብር ብሎ ታክሱ በውስጡ ያለበት ወይም የሌለበት መሆኑን ሳይናገር ቢያልፍ፣ በየወሩ በ6,000 ብር፣ በዓመት በ72,000 ብር ላይ ክርክር ይነሣል። ራሱ ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ በሕጋዊ ደረሰኝ የከፈለውን ያቀናንሳል፤ ያልተመዘገበው ትንሽ ባለሱቅ ግን ሙሉውን ከኪሱ ይሸከማል።

ስለ እድሳትም እንዲህ ማጻፍ ይቻላል፤ «የውሉ ዘመን ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ተከራዩ በጽሑፍ ያሳወቀ እንደ ሆነ፣ ውሉ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ይታደሳል፤ የመጀመሪያው የእድሳት ዓመት ኪራይም ከመጨረሻው ዓመት ኪራይ በመቶ 15 በላይ ሊበልጥ አይችልም።» እዚህ የተጠቀሱት አኀዞች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ልኩን ተዋዋዮቹ ይወስኑታል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ ግን የሦስት ወሩን ቀን በጠረጴዛ መቍጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነው፤ ቀኑ ካለፈ አንቀጹ ዋጋ የለውም።

ቤቱ ቢሸጥ ወይም ቢፈርስ

ቤቱ በተሸጠ ጊዜ አዲሱ ባለቤት «እኔ አላከራየሁህም» ሲል የሚደነግጥ ተከራይ ብዙ ነው። በሕጉ መሠረት የጸና ውል ያለውና ቤቱን የተረከበ ተከራይ ውሉን በገዢውም ላይ መቃወሚያ አድርጎ ማቅረብ ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መመልከት አለበት። የመጀመሪያው፣ ውሉ «ቤቱ የተሸጠ እንደ ሆነ ይቋረጣል» የሚል ቃል እንዳለበትና እንደሌለበት ነው፤ እንዲህ ያለው መስመር በብዙ የደላላ ወረቀት ላይ ይገኛልና ከመፈረም በፊት ይሰረዝ ወይም በቂ የመልቀቂያ ጊዜ ይጨመርበት። ሁለተኛው፣ ከአምስት ዓመት የበለጠ ዘመን ያለው ውል በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበ፣ ከአምስት ዓመት ለሚተርፈው ጊዜ በገዢው ላይ መቃወሚያ አይሆንም። የዐሥር ዓመት ውል ተዋውሎ ያላስመዘገበ ሰው በገዢው ፊት የአምስት ዓመት ተከራይ ነው።

የከተማ ሥራም አለ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች በተጀመረ ጊዜ ሱቆች የተነሡበት ሁኔታ ታይቷል። ተከራይ ይህን የመሰለውን ነገር ማስቀረት አይችልም፤ ነገር ግን የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ የከፈለ ሰው፣ ቤቱ በመንግሥት ውሳኔ የፈረሰ እንደ ሆነ ያልተጠቀመበት ኪራይ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስለት አስቀድሞ ማጻፍ ይችላል።

የመንግሥት ቤት ስለ ተከራዩ ነጋዴዎች

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሱቆች በሁለት እጅ ሲተዳደሩ ኖረዋል፤ ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው በቀበሌ፣ ከዚያ ከፍ ያለው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ነበር፤ የኋለኛውም ሥራ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን እጅ ነው። በነዚህ ቤቶች ኪራዩ ለረጅም ዓመታት ሳይለወጥ መኖሩ ብዙውን ነጋዴ አዘናግቶታል። በ2011 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ በንግድ ቤቶቹ ኪራይ ላይ ማሻሻያ ባደረገ ጊዜ ከተከራዮች ብዙ ቅሬታ ተሰምቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዘመናት ያልተነቃነቀ ኪራይ በተነቃነቀ ጊዜ ባንዴ የሚነሣ መሆኑ ነው። የመንግሥት ቤት የያዘ ነጋዴ ርካሹን ኪራይ እንደ ዘላለም ሀብት ቈጥሮ ትርፉን በዚያ ላይ ከመመሥረት ይልቅ፣ በአካባቢው የሚከፈለውን ኪራይ እየተከታተለ ልዩነቱን በመጠባበቂያ ቢያኖር ይሻለዋል። ውሉም በጽሑፍ መሆኑንና ዘመኑ ያላለፈበት መሆኑን በየዓመቱ ይመርምር፤ መንግሥትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ በቁጥር 1724 ይናገራልና።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

ከላይ የተዘረዘረውን በዕለት ሥራ ለመጠቀም እንዲመች፣ ነጋዴው ወይም ጸሐፊው ውሉን ይዞ የሚከተሉትን ይጠይቅ።

1ኛ. የሚያከራየው ሰው የቤቱ ባለቤት ነውን? ወኪል ከሆነ የውክልና ሥልጣኑ ማከራየትን ይጨምራልን? ቤቱ የወራሾች ከሆነስ ሁሉም ፈርመዋልን?

2ኛ. ውሉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን በግልጽ ተጽፏልን? ዘመኑ ለቤቱ የሚወጣውን የማሻሻያ ወጪ ለመመለስ ይበቃልን?

3ኛ. ኪራዩ በዘመኑ ውስጥ ይጨመራልን? የሚጨመር ከሆነ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ስሌት፣ እስከ ምን ልክ?

4ኛ. ታክሱ በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ከኪራዩ ውጭ? የመብራት፣ የውኃና የጥበቃ ወጪ የማን ነው?

5ኛ. ውሉን ለማሳደስ መብት አለን? ማስታወቂያው በስንት ጊዜ አስቀድሞ ይሰጣል?

6ኛ. ንግዱ ቢሸጥ ኪራዩ ይተላለፋልን? ቤቱ ቢሸጥስ ውሉ ይጸናልን?

7ኛ. ቤቱ ሲረከቡት የነበረበት ሁኔታ፣ የተሰበረው መስታወትና የሚያፈሰው ጣሪያ ሳይቀር፣ ተጽፎ ተፈርሟልን? ካልተጻፈ ተከራዩ በደህና ሁኔታ እንደ ተረከበው ተገምቶ ሲለቅ እንዲያድስ ይጠየቃል።

8ኛ. ተከራዩ የሚያሠራው መደርደሪያና ሌላ ማሻሻያ ሲለቅ የማን ይሆናል? አከራዩስ ፈቃዱን በጽሑፍ ሰጥቷልን?

9ኛ. ክፍያው በባንክ ነውን? በእጅ የሚከፈል ከሆነስ ለእያንዳንዱ ወር ደረሰኝ ይሰጣልን? በውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይስ በእውነት የሚከፈለው ነውን? ግብር ለማሳነስ ሲባል ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ ሕገ ወጥ ከመሆኑም ሌላ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ተከራዩ ከተጻፈው በላይ የከፈለውን ገንዘብ የሚያስረዳበት ነገር ያሳጣዋል።

አንዳንድ ነጋዴ ይህን ሁሉ መጠየቅ አከራዩን ያስቀይማል ብሎ ይፈራል። የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በግልጽ የተጻፈ የአምስት ዓመት ውል ለአከራዩም የአምስት ዓመት የታወቀ ገቢ ነው፤ ቤቱ ባዶ የሚቀርበት፣ ለደላላ በየዓመቱ የሚከፍልበትና በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚመላለስበት ጊዜ ይቀንስለታል። ዛሬ ውሉ በመሳቢያው ውስጥ ያለ ነጋዴ ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን አውጥቶ የሚያልቅበትን ቀን ይመልከት። ቀኑ ያለፈ ወይም የቀረበ እንደ ሆነ፣ አከራዩ ለጭማሪ ከመምጣቱ በፊት እርሱ ለአዲስ ውል ይሂድ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።